መርፌው ይውረድ፦ የቴክኖና የሃውስ ሸክላ ጥያቄዎቻችሁ

ደብዳቤው በዝቷል፣ ገጹ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሰላምታችሁን ቆርጬ ጥያቄውን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ አትቀየሙኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ማታ አንዳችን ቤት ተሰብስበን ቴክኖና ሃውስ እንሰማለን። የምናገኘው ሁሉ ከስልክ ነው። በቅርብ ዓመታት በሸክላ ከወጡት፣ ሁሉም ሰው ከሚያውቃቸው ውጪ፣ የምር ሊሰማ የሚገባው የቱ ነው? ወንድሜ «ሁሉም ዱም ዱም ነው» እያለ ያበሽቀኛል።
*ዮ.፣ ከገርጂ*

ወንድምህ ግማሽ እውነት አለው። ዱም ዱሙ ሁሉም ጋ አለ። ቁም ነገሩ በአንዱ ዱምና በሚቀጥለው ዱም መሀል ምን ገባ የሚለው ነው።

እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ከዲትሮይት ነው የምጀምረው። ቴክኖው እዚያ ስለተወለደ ብቻ እንዳይመስልህ። እዚያ ዛሬም ሰውየው ራሱ ይሠራል፣ በራሱ ስም ያሳትማል፣ ራሱ ይሸጣል። መሀል ገብቶ «ይሄን አሳጥረው፣ ያን አለስልሰው» የሚለው አለቃ የለም። ውጤቱ ሲሰማ ያስታውቃል።

ቲዮ ፓሪሽን ውሰድ። ሳውንድ ሲግኔቸር የሚባለውን የራሱን አሳታሚ ያቋቋመው በ1997 ነው። በ2020 «ዉዳጂ» የሚባል አልበም አወጣ። መጀመሪያ ስትሰማው ያልተጠናቀቀ ሊመስልህ ይችላል። ከበሮው ሸካራ ነው፣ ኪቦርዱ አይቸኩልም፣ አንዱ ዘፈን እስኪያልቅ ሻይህ ይቀዘቅዛል። ጓደኞችህ አምስተኛው ደቂቃ ላይ «ቀይረው» ይሉሃል፤ አትቀይረው። ሰውየው በየጥቂቱ አንድ ነገር ያነሳል፣ አንድ ነገር ይጨምራል። መቼ እንደጨመረው ሳታውቅ እግርህ ይነግርሃል። ሞሪሳ ሮዝ የምታዜምበት «ዲስ ኢዝ ፎር ዩ» ለጀማሪ ቀላሉ በር ነው፤ ድምጿ ይዞ ያስገባል።

እሱው በ2022 «ዲጄ ኪክስ» ለሚባለው የታወቀ ተከታታይ እትም «ዲትሮይት ፎርዋርድ» የሚል ስብስብ አዘጋጀ። ለዚህ ተከታታይ የሚጋበዝ ዲጄ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደውን ዘፈን አሰባስቦ ይቀላቅላል። ቲዮ ግን ለከተማው ሙዚቀኞች ስልክ ደወለና አዲስ ሥራ አምጡ አላቸው። ዲትሮይት አሁን ምን እየሠራች እንደሆነ በአንድ ጊዜ ማወቅ ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሙዲማን፣ ማለትም ኬኒ ዲክሰን ጁኒየር፣ በዚያው በ2020 «ቴክን አዌይ»ን አውጥቷል። የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የሰባዎቹ ሶል ውስጡ አሉ። ሌሊት ቤት ውስጥ ብቻህን ስትሆን የሚሰማ ነው። ኦማር ኤስ ደግሞ ሌላ ጠባይ ነው። በመኪና ፋብሪካ ሠራተኝነት ኖሮ ኤፍኤክስኤችኢ የሚል አሳታሚ ያቆመ ሰው ነው። በ2022 የወጣው «ካንት ቼንጅ» እንደ ሰውየው ቁጥብ ነው፤ ሁለት ሦስት ድምፅ ይዞ ሌላ አይጨምርም። ወንድምህ ይሄንን ነው «ዱም ዱም» የሚለው። እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንድ ቀን ይሰለቸኛል። ጥሩ ቤዝ ባለው ስፒከር ስሰማው ግን ቃሌን እውጣለሁ።

የዋጂድ «ሜሞይርስ ኦቭ ሃይቴክ ጃዝ» (2022) የወጣው ትሬዞር በሚባለው የበርሊን አሳታሚ በኩል ነው። ርዕሱ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የተባለው የዲትሮይት ቡድን በ1993 ለሠራው «ሃይቴክ ጃዝ» ለተባለ ሙዚቃ ምስጋና ነው። ዋጂድ ለወጣቶች ሙዚቃ ማቀናበር የሚያስተምር አካዳሚም እዚያው ከተማ መሥርቷል። እሱን ስሰማ ሳክስፎን ያለው ቴክኖ ስለምወድ አዳላለሁ፤ ይታወቅልኝ።

ከአውሮፓ፣ የሙኒኩ ስኪ ማስክ። ሥራውን የሚያወጣለት ኢሊያን ቴፕ የሚባለው አሳታሚ የሁለት ወንድማማቾች ነው። «ኮምፕሮ» (2018) እና «ሪዞርት» (2024) ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ከበሮው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይሰባበራል፤ በላዩ ላይ ግን ለስላሳ ድምፅ ይንሳፈፋል። የሮማው ዶናቶ ዶዚ «ማግዳ» (2024) ለትዕግሥተኛ ሰው ነው።

ለወንድምህ ደግሞ መድኃኒቱ ይኸውልህ። የኒው ዮርኩ ዲጄ ፓይተን በ2020 ያወጣው «ማስ አማብሌ» የሬጌቶን ምት ይዞ በጣም ዝግ ብሎ የሚፈስ ነው። ዱም ዱም የለውም። ኒዲያና ቫለንቲና ማጋሌቲ በ2024 አብረው ያወጡት «ኤሽትራዳሽ» ደግሞ ከበሮ በከበሮ ነው። ኒዲያ የወጣችበት የሊዝበን ሰፈር ሙዚቃ ሥሩ ከአንጎላ ነው፤ አፍሪካዊ ጆሮ ሳይነገረው ይገባዋል። ያንን ሙዚቃ የሚያሳትመው ፕሪንሲፔ የሸክላዎቹን ልባስ በእጅ በቀለም ነው የሚያስውበው። ሁለት ሰው አንድ ሸክላ ገዝቶ የአንዱ ልባስ ከሌላው ይለያል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ስማ አላልኩህም። አንዱን ምረጥና ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ አጫውት። በስልክም ቢሆን ግድ የለም፤ መጀመሪያ ጆሮህ ይፈልገው፣ ሸክላው ኋላ ይመጣል።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሸክላ ሱቅ ስገባ የኢትዮጵያ የሚባለው ሁሉ የስድሳዎቹና የሰባዎቹ ጃዝ ነው። እወደዋለሁ፤ ግን የኛ ሰው የሠራው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በሸክላ የለም?
*ስሜ ይቆይ፣ ሜሪላንድ*

አለ፣ ያውም ከቤትህ ቅርብ ነው የተጀመረው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 1432 አር የሚባል ትንሽ አሳታሚ አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዳዊት ኤክሉንድ ነው። በ2014 የመጀመሪያ ሥራቸው ሆኖ የወጣው የሚካኤል ሰይፉ «ያራዳ ልጅ» ነው። ሚካኤል አሜሪካ ሙዚቃ ተምሮ አዲስ አበባ የተመለሰ ልጅ ነው። እዚያው አሳታሚ ላይ ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም አለ። ሁለቱም ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ነው የሚጠሩት።

ሚካኤል በ2016 «ዘላለም»ን አርቪኤንጂ በሚባለው የብሩክሊን አሳታሚ በኩል አወጣ። እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ማሲንቆ ሲገባ ለጌጥ አይደለም የሚገባው። የፈረንጅ ዲጄዎች የኛን ዜማ ቆርጠው ቢት ላይ ሲለጥፉት ስንት ጊዜ ሰምተናል! አዝማሪው አራት ሰከንድ ያዜምና ይጠፋል። «ዘላለም» ላይ ግን ቢቱ ራሱ ዜማውን ተከትሎ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ሸክላው ሲገኝ አትለፈው፤ በየቀኑ አይገኝም።

አንድ ሌላም ልጨምር፤ ቴክኖ አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረ፣ ኋላም ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዳ ሙዚቀኛ መሆኑን ታውቃለህ። በ1985 ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዞ ካሴት ቀዳ። በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለው አሳታሚ «ሸሞንሟናዬ» ብሎ በሸክላ አሳተመው። በዚያው በ1985 ከቴክኖ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ሁዋን አትኪንስ ዲትሮይት ላይ ሜትሮፕሌክስ የሚባለውን የራሱን አሳታሚ ሲያቋቁም ነበር። አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ፣ ሁለቱም ከባንድ ወጥተው ከማሽን ጋር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ስትሰማው ድራም ማሽኑን ልብ በል። ሳይደክም፣ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ አንድ ነገር ይላል፤ አኮርዲዮኑ በላዩ ላይ እንደልቡ ይቃኛል። ይሄ ነው እንግዲህ የቴክኖ ምሥጢሩ።

ሁለት ዘፈን ብቻ ያለበት ሸክላ 15 ዩሮ! ዘረፋ አይደለም ወይ? ባለሱቁ ነው የሚያተርፈው ወይስ ዘፋኙ?
*ተ.፣ ከስቶክሆልም*

ማንም ብዙ አያተርፍም። አንድ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ትንንሾቹ አሳታሚዎች ጋ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት መቶ ቅጂ ነው የሚታተመው። ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ። ሦስት መቶ ብታሳትምም አንድ ሺህ ብታሳትምም መነሻው ወጪ ያው ነው። መጀመሪያ ሙዚቃው ላከር በሚባል ለስላሳ ሽፋን ባለው የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ በማሽን ይቀረጻል። ያ ዝርግ ብር ይረጭበትና ኒኬል ይለበጣል። ከኒኬሉ ማተሚያው ይወጣል። መሀል ላይ የምታየው ክብ ወረቀት እንኳ እርጥበት እንዳይኖረው ምድጃ ውስጥ ይደርቃል፤ አለበለዚያ ሲታተም ይፈነዳል። ይህ ሁሉ ለሦስት መቶ ሰው ሲካፈል አስበው።

በዚያ ላይ የካቲት 2020 ካሊፎርኒያ ባኒንግ የነበረው አፖሎ ማስተርስ ተቃጠለ። ላከር የሚሠሩት በዓለም ላይ ሁለት ፋብሪካዎች ብቻ ነበሩ፤ የቀረው የጃፓኑ ነው። ቀጥሎ ኮሮና መጣ፤ ሰው ቤት ተቀምጦ ሸክላ መግዛት ጀመረ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች የፋብሪካውን ወረፋ ያዙት፣ ትንንሾቹ ወራት ጠበቁ።

ስለዚህ ዋጋው አያናድድህ። የሚያናድደው ሌላ ነው። በ15 ዩሮ የወጣውን ሸክላ ሦስቱን ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ከቶ፣ ካለቀ በኋላ በ90 የሚሸጥ ሰው አለ። ከእሱ አትግዛ። ትንሽ ከታገስክ ጥሩ ሥራ ብዙ ጊዜ እንደገና ይታተማል።

ፍራንክፈርት ገበያ ላይ አንድ የዲትሮይት ሸክላ በርካሽ አገኘሁ። መርፌው መጨረሻ ሳይደርስ አንድ ቦታ ላይ ይቆምና ያችኑ ምት ይደጋግማል። ጠርጌዋለሁ፣ አጥቤዋለሁ፤ ምንም። ዳሩ ላይ በእጅ የተጫረ «ኤን ኤስ ሲ» የሚል ፊደል አለ። ተሸወድኩ?
*ብ.፣ ከፍራንክፈርት*

ኧረ ሎተሪ ነው የደረሰህ! እባክህ ከዚህ በኋላ በሳሙና አትንካው።

ኤን ኤስ ሲ ማለት ናሽናል ሳውንድ ኮርፖሬሽን ነው፤ የሮን መርፊ የቅርጻ ስቱዲዮ። ሮን ዲትሮይት ውስጥ የቴክኖ ሸክላዎችን በመቅረጽ ስሙ የተነሳ ሰው ነበር፤ በ2008 አረፈ። ሰውየው ከሙዚቀኞቹ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ሞታውን የሚባለው የድሮ የዲትሮይት ሶል አሳታሚ ዘመን ሙዚቃ የሚወድ ነበር። ልጆቹ እንግዳ ሐሳብ ይዘው ሲመጡ ግን «አይሆንም» አይልም። ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር የሚሄድ ሸክላ ፈለጉ፤ ቀረጸላቸው።

ያንተ ሸክላ ላይ ያለው የተዘጋ መስመር ነው። የሸክላ መስመር እንደምታውቀው ከዳር ወደ መሀል የሚጠመዘዝ አንድ ረጅም መስመር ነው። መስመሩ ዞሮ ራሱ ላይ ከተዘጋ መርፌው መውጫ የለውም፤ አንተ እስክታነሳው ይዞራል። በ1992 የዲትሮይቱ ዲጄ ጄፍ ሚልስና ጓደኞቹ ኤክስ 102 በሚል ስም ስለ ሳተርን ቀለበቶች በሠሩት ሥራ ላይ እነዚህ የተዘጉ መስመሮች አሉ። ሸክላው ራሱ ፕላኔቷን እንዲመስል ነው።

አሁን የምወደው ሒሳብ ይምጣ። በ33⅓ ፍጥነት፣ ማለትም በደቂቃ 33⅓ ዙር ሲሄድ፣ ሸክላ አንዴ ለመዞር 1.8 ሰከንድ ይፈጅበታል። በአንድ ዙር ውስጥ አራት ምት ካስገባህ በደቂቃ 133 ምት ይሆናል። 133 ደግሞ ጥሩ የቴክኖ ፍጥነት ነው! በ45 ሲሆን አንዱ ዙር 1.33 ሰከንድ ነው፤ አራት ምት ከገባበት 180 ይሆናል፣ ለዳንስ አይመችም። ስለዚህ ሰዓት ይዘህ ያቺ የተዘጋች መስመር በደቂቃ ስንት ምት እንደምትመታ ቁጠር። 133 አካባቢ ካገኘህ ሸክላህ ጤነኛ ነው። ቁጥሩ ከዚያ ራቅ ካለና በየዙሩ ቷ የሚል ድምፅ ካለ፣ ያ ጭረት ነው፤ ያኔ ተሸውደሃል።

ልጄ፣ እኔ ሙዚቃውን አላውቀውም። የማውቀው ልጄን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሥራ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ያንን ቃል የሌለው ነገር ከፍቶ ያድራል። ጎረቤቴ የሰይጣን ሙዚቃ ነው አለችኝ። ጆሮውስ አይደነቁርም? ምን ብዬ ላናግረው?
*አንዲት እናት፣ ከነታንያ*

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ የርስዎን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት።

ስለ ሰይጣኑ መጀመሪያ። ሃውስ የሚባለው ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ቺካጎ ከነበረ ዌርሃውስ ከሚባል ቤት ነው። ከ1977 ጀምሮ ፍራንኪ ናክልስ የሚባል ሰው እዚያ ሸክላ ያጫውት ነበር። የሚመጡት አብዛኞቹ ሌላ ቦታ በር የሚዘጋባቸው ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያደጉ ስለሆኑ ዘፈኑም ያንን ይመስላል፤ እጅ ይነሳል፣ ይጨበጨባል፣ ይለቀሳል። ሰይጣን እዚያ ምን ይሠራል?

ቃል የሌለው መሆኑን ደግሞ እንዲህ ይዩት። ሰርግ ላይ ከበሮው ሲደምቅ ግጥሙን ማን ይሰማል? ተቀባዩ ያችኑ አንዲት መስመር ይደጋግማል፣ ከበሮው ይነዳል፣ ሰው ከትከሻው ጋር ይሄዳል። ቢጠይቁት ግጥሙን የሚነግርዎት የለም፤ መደሰቱን ግን ያውቃል። የልጅዎ ሙዚቃም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

እንዲህ ያድርጉ። አንድ ማታ ገብተው «ላሪ ኸርድ የሚባል ሰው አለ አሉ፤ ‹ካን ዩ ፊል ኢት›ን አጫውትልኝ» ይበሉት። በ1986 የወጣ ነው። መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይስቃል፣ ከዚያ ወንበር ያመጣልዎታል። ሙዚቃው ለስላሳ ነው፤ ቡናዎን ይዘው መስማት ይችላሉ።

ጆሮውን በተመለከተ ግን ጎረቤትዎ ሳያውቁት ትክክል ናቸው። ሰይጣኑ ያለው ድምፅ መጨመሪያው ላይ ነው። የሙያ ጤና ባለሙያዎች የሚሉት 85 ዴሲቤል በቀን ስምንት ሰዓት ድረስ ነው። ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ የጭፈራ ቤት ድምፅ ደግሞ እዚያ በቀላሉ ይደርሳል። ቤት ውስጥ እርስዎ በር ላይ ቆመው ጮክ ብለው ሳይጣሩ ካልሰማዎት በዝቷል ማለት ነው። ጭፈራ ቤት ሲሄድ የጆሮ መሰኪያ እንዲይዝ ያድርጉ። ለሙዚቃ የተሠራ አለ፤ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያፍነውም። ጠዋት ጆሮው ጭው የሚልበት ከሆነ ቀጠሮ ያስይዙለት። ይህንን አያሳድሩት።

ዱባይ ነኝ። በርሊን ከሚገኝ ሱቅ ያዘዝኩት ሸክላ እንደ ቆሎ መጥበሻ ጎብጦ ደረሰ። ሱቁ ቀጥ ብሎ እንደነበር ፎቶ ልኮልኛል። ማንን ልክሰስ?
*ሀ.፣ ከዱባይ*

ፀሐይን። የሸክላ ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። በሐምሌ ዱባይ ላይ በሩ የተዘጋ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ካርቶን እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባታዝ ይሻልሃል። ካዘዝክም ቤት አታስመጣው፤ ከመጋዘኑ ራስህ ሄደህ ውሰድ። ከመክፈትህ በፊት ካርቶኑን ለጥቂት ሰዓት ቤት ውስጥ ተወው።

የጎበጠውን በምድጃ እናቅናው የሚሉህን አትስማ። ሁለት ወፍራም መስታወት መሀል አስቀምጠህ ከባድ መጽሐፍ ጫንበትና ለሳምንታት እርሳው። ትንሽ ጉብጠት ከሆነ መርፌው ይሄድበታል፤ መስመሩ ላይ እስካለ ድረስ ድምፁ ላይ ለውጥ ላትሰማ ትችላለህ። ከዚያ በኋላ ሸክላ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ፣ ተደራርቦ አይተኛ።

ወንድሜ ከአትላንታ የሸክላ ማጫወቻ ሊልክልኝ ነው። «ትራንስፎርመር ግዛ እንጂ ችግር የለውም» ይለኛል። ጓደኛዬ ግን እንደዚያው አስመጥቶ ዘፈኑ ሁሉ ተኝቶ ይሄዳል። ጉዳዩ ምንድን ነው?
*መ.፣ ከሰሚት*

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እንጀራዬ በርሊን ውስጥ አሳንሰር መጠገን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ነው የምውለው።

ወንድምህ ስለ ቮልቴጅ ትክክል ነው። አሜሪካ 120፣ እኛ ጋ 220 ነው፤ ያንን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል። ትራንስፎርመር የማይነካው ግን አለ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኛ 50 ጊዜ። አንዳንድ በላስቲክ ቀበቶ የሚዞሩ ማጫወቻዎች፣ በተለይ የድሮዎቹ፣ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚቀዳው ከዚያ ምልልስ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ በአምስት ስድስተኛው ፍጥነት ይዞራል። 33⅓ መዞር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል። በ128 የተሠራ ቴክኖ 107 ላይ ይሄዳል፤ ድምፁም ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ይወርዳል። ሴቷ እንደ ወንድ ታዜማለች። የጓደኛህ ማጫወቻ አልተበላሸም፤ ለሌላ አገር መብራት ነው የተሠራው። ለ50 ኸርዝ፣ ማለትም ለኛ 50 ምልልስ፣ የሚሆን የሞተር መዘውር ለአንዳንዱ ሞዴል ይሸጣል፤ የማጫወቻውን ሞዴል ስም ይዞ ይፈልግ።

ወንድምህ ከመግዛቱ በፊት የማጫወቻውን ጀርባ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ከውጭ የሚሰካ ትንሽ አዳፕተር ያለው ከሆነና አዳፕተሩ ላይ 100–240 እና 50/60 የሚል ከተጻፈ ምንም አትጨነቅ፤ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃሃል። እንደ ቴክኒክስ 1200 በቀጥታ ሞተር የሚዞር ከሆነም ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ኸርዙ አያሳስብህም፤ ለአሜሪካ የተሠራው ግን ትራንስፎርመሩን ይፈልጋል። ያ ማሽን በ1972 ገበያ ወጥቶ፣ ዲጄዎች የሚያመልኩት ሁለተኛው ሞዴል፣ ኤምኬ ቱ፣ በ1979 ተከተለ። በ2010 ቆመ፣ በ2016 ተመለሰ። ውድ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን ካገኘ ይውሰድ። ቴክኖ ለመስማት ግን ግዴታ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ አይግዛ፦ ሻንጣ የሚመስለውን፣ ስፒከሩ ውስጡ ያለውን። ክንዱ ሸክላው ላይ ይከብዳል። የዳንስ ሸክላ ላይ ቤዙ በሰፊው ስለሚቀረጽ መርፌው ይዘላል፤ አንተም ሸክላው ተበላሽቷል ብለህ ትጥለዋለህ።

የሰፈራችሁ መብራት የሚዋዥቅ ከሆነ ለፍሪጅ የምትጠቀሙበት ዓይነት ስታቢላይዘር ከፊቱ ይቀመጥ። አምፕሊፋየርህ ፎኖ የሚል መግቢያ ከሌለው ደግሞ ትንሿን የፎኖ ማጉሊያ እዚያው ወንድምህ ይጨምርበት፤ ያለሷ ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም።

ሲጭነው የሚዞረውን ሳህን አውልቆ ለብቻ ይጠቅልለው፤ ሳህኑ ላዩ ላይ እንዳለ የተላከ ማሽን ተጎድቶ ሊደርስ ይችላል። መርፌውን ከነራሱ ይንቀለው። ከክንዱ ጀርባ ያለችውን ክብ ክብደትም ፈትቶ በካልሲ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባት። ክንዱን በወረቀት ቴፕ ይሰረው፤ በፕላስቲክ ቴፕ አይሁን፣ ሙጫው አይለቅም። ያችን ክብደት መርሳት የተለመደ ነው፤ ከጠፋች ለዚያው ሞዴል የምትሆን ሌላ ማግኘት ጣጣ ነው። ሳጥኑ ከመታሸጉ በፊት በቪዲዮ ያሳይህ።